ሐይቁ ሲሞላ ማን ይከፍላል? በኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር ቤትና ጀልባ ላላችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ክር የከፈትኩት ሐይቁ ዝቅ ባለበት ወቅት ነው። ሆን ብዬ ነው። ውሃው ግቢ ሲገባ ሁሉም ሰው ስለ ኢንሹራንስ ያወራል፣ ያኔ ግን ወሬው ለማንም አይጠቅምም። ዓመተ ምህረቱን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

ያነሳሁት ሐሳብ ቀላል ነው። በ2017 ሜይ መጨረሻ ላይ በአሜሪካና በካናዳ መካከል ያለው ኦንታሪዮ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 75.88 ሜትር ደረሰ። መመዝገብ ከተጀመረበት ከ1918 ወዲህ እንደዛ ሞልቶ አያውቅም ነበር። ብዙ ሰው በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ ነገር ነው ብሎ ግንቡን ጠገነ፣ የበሰበሰውን ምንጣፍ ጣለ፣ ረሳው። በ2019 ጁን ላይ ውሃው 75.92 ሜትር ገባ። መቶ ዓመት የተባለው ሁለት ዓመት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የጎርፍ ኢንሹራንስ የሚገዛው ሣሩ ደረቅ እያለ ነው አልኩ። ሲገዛ ደግሞ የሚሸፍነውን ብቻ ሳይሆን የማይሸፍነውን አንብቦ ነው። ከዛ ጠየቅኩ፦ እናንተ ጋ ምን ተከፈለ? ምን ቀረ? ጀልባ ያላችሁስ?

ክሩ ረዘመ። አዲስ የሚገቡ ሰዎች ሁሉንም ማንበብ ስለሚከብዳቸው ምላሾቹን በቁጥራቸው፣ በራሴ አባባል እዚህ አስቀምጫለሁ።

ምላሽ 1 ከሮቸስተር፣ ኒውዮርክ ነው። አንዲት እህት ቤቱን ሲገዙ ባንኩ የጎርፍ ኢንሹራንስ እንዳልጠየቃቸው ጻፈች። የጎርፍ ስጋት ካርታው ቤታቸውን ከአደገኛው ክልል ውጪ ነው የሚያሳየው። ባንክ የሚያህል ነገር ካልፈራ እኛ ለምን እንፈራለን ነው የጥያቄዋ መንፈስ። በጣም በትህትና ነው የጠየቀችው፣ ቀድማም አመስግናለች።

ምላሽ 2 በዛው ትህትና መለሰላት። ባንኩ የሚጠብቀው የራሱን ብድር እንጂ የእሷን ቤት አይደለም። የፌዴራል ሕጉ የሚያስገድደው ካርታው ላይ ከፍተኛ ስጋት አለበት የተባለ ቦታ ላይ፣ በመንግሥት የሚደገፍ ሞርጌጅ ላለው ሰው ብቻ ነው። እሱ ክልል የሚባለው በየዓመቱ ቢያንስ 1 በመቶ የመጥለቅለቅ ዕድል ያለው ነው። 1 በመቶ ትንሽ ይመስላል። በ30 ዓመት የሞርጌጅ ዕድሜ ሲደመር ግን ወደ 26 በመቶ ይሆናል። ከመስመሩ ወዲህ ያለ ቤት ደግሞ አይነካም ማለት አይደለም፣ ውሃ መስመር አያይም። ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ነው ያስቀመጠው፦ ተራው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም። ይሄን እስከዛሬ የማያውቅ ሰው በጣም ብዙ ነው፣ ያሳዝነኛል።

ምላሽ 3 ላይ አንድ ሰው በ2017 ውሃው የጎረቤቱን ሣር ሲያልፍ አይቶ ኤጀንቱ ጋ እንደደወለ ነገረን። ፖሊሲው፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውሉ፣ ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ነው ተባለ። ያኔም ቢሆን የጀመረ ጎርፍን አይከፍልም። ውሃው አልጠበቀውም። ምላሽ 4 ይሄን በጥቂቱ አረመ። 30 ቀን መጠበቁ የአሜሪካ መንግሥት የሚያካሂደው የብሔራዊው የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራም ደንብ ነው፤ ልዩ ሁኔታዎች አሉት። ቤት ሲገዛ ከብድሩ ጋር አብሮ የሚያዝ ከሆነ መጠበቅ የለም። ካርታው ተቀይሮ ቤቱ አዲስ ወደ አደጋ ክልል ከገባ ደግሞ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ለሚገዛ 1 ቀን ብቻ ነው። ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ ልጆች ይሄን ያዙ።

ምላሽ 5 ለኔ የክሩ ምርጡ ነው። የጻፈው ሰው ሥራው የኢንሹራንስ ጉዳት ገማች ነው። እሱ እንደሚለው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያጣራው ምን ያህል ውሃ እንደገባ አይደለም። ውሃው በየት ገባ የሚለውን ነው። ንፋስ ጣሪያውን ገንጥሎ ዝናብ ከላይ ከገባ የተራው የቤት ኢንሹራንስ ነው። የቤዝመንቱ ፍሳሽ ማስወገጃ ወደኋላ ገፍቶ ከወለሉ ቀዳዳ ከወጣ፣ ለሱ ተብሎ ትንሽ ተጨምሮ የሚገዛ ሽፋን አለ፤ እሱ ከሌለ የለም። ሐይቁ በመሬት ላይ ተንሸራትቶ በበር ከገባ ጎርፍ ነው፣ የጎርፍ ፖሊሲ ይጠይቃል። ከመሬት ስር በግድግዳው ሰርጎ ከገባ ደግሞ አካባቢው በሙሉ በጎርፍ ካልተመታና የሰረገውም በዛ ምክንያት ካልሆነ በስተቀር የጎርፍ ፖሊሲውም አይከፍልም። አንድ ቤዝመንት፣ አራት መግቢያ፣ አራት የተለያየ መልስ።

ቀጠለና ጎርፍ የሚለው ነገር በፖሊሲው ላይ ልክ እንዳለው አስረዳ። በተለምዶ ደረቅ የሆነ መሬት፣ ቢያንስ 2 ኤከር ወይም ቢያንስ ሁለት ይዞታ መጥለቅለቅ አለበት። የኔ ግቢ ብቻ ኩሬ ቢሠራ አይቆጠርም። ሐይቅ ዳር ላለን የሚጠቅም አንድ ቁም ነገርም አለ። ከተለመደው ልክ ያለፈ ማዕበል የዳሩን መሬት ሸርሽሮ ቢደረምሰውና ቤቱ ቢጎዳ እሱም እንደ ጎርፍ ይቆጠራል። በየዓመቱ ቀስ እያለ የሚበላ መሬት ግን አይቆጠርም። በሁለቱ መካከል ያለው ክርክር ነው ፍርድ ቤት የሚያደርሰው ይላል። ስለዚህ የዳሩን መሬት በየወቅቱ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑ ይታይ።

የክፍያውን ጣሪያም ነገረን። ፕሮግራሙ ለመኖሪያ ቤት ሕንፃ እስከ 250,000 ዶላር፣ ለዕቃ እስከ 100,000 ዶላር ነው። የዕቃው ለብቻው የሚገዛ ነው። ሕንፃውን ብቻ ገዝተው ዕቃውም ገብቷል ብለው የሚኖሩ አሉ።

ምላሽ 6 ላይ ሙቀቱ ጨመረ። አንድ ወንድማችን ለዓመታት ሳያቋርጥ ከፍሎ፣ ቤዝመንቱን ከአገር ቤት ለሚመጡ ወላጆቹ ማረፊያ አድርጎ አሳምሮት ነበር። ምንጣፍ፣ ሶፋ፣ ቴሌቪዥን፣ አልጋ። ውሃው ገባ። የተከፈለው ለቤት ማሞቂያው፣ ለውሃ ማሞቂያውና ለመብራት ብሬከር ሳጥኑ ነው። ለሶፋው ምንም። ለወለሉ ምንም። ዘረፋ ነው ብሎ ጻፈ፣ ከዛም የባሰ ቃል ተጠቅሟል።

ምላሽ 7 አላዘነለትም። ፖሊሲው ላይ ተጽፏል፣ ቤዝመንት ውስጥ የሚሸፈነው ተዘርዝሯል፣ ሳያነቡ ፈርሞ በኋላ መጮህ ጅብ ከሄደ ነው አለው። ምላሽ 8 መሀል ገባች። ነገሩ መጻፉ እውነት ነው፤ ግን ወረቀቱ በከባድ የሕግ እንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፣ የሸጠለት ኤጀንት ደግሞ ቤቱን አይቶታል፣ ቤዝመንቱ ውስጥ አልጋ እንዳለ ያውቃል፤ አንድ ቃል መናገር ነበረበት። እኔ ከሷ ጋር ነኝ። ሰውዬው የሚከፍለውን እየከፈለ ነበር። የምላሽ 7 አነጋገር አልተመቸኝም፣ ምክሩ ግን ትክክል ነው፦ ቤዝመንት ውስጥ ለወላጆች የሚዘጋጅ ክፍል ካለ፣ ውድ ዕቃ አይቀመጥበት፣ ወለሉም የሚታጠብ ይሁን።

ምላሽ 9 ስለ ዶክ (ጀልባ ስለሚታሰርበት መድረክ) እና ስለ ግንብ ነው፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ደነገጠ። ሐይቅ ዳር ትልቁ ወጪ ብዙ ጊዜ ቤቱ አይደለም፣ ማዕበል የሚመክተው ግንብ ነው። የጎርፍ ፖሊሲው ግንብን አይሸፍንም። ዶክን አይሸፍንም። አጥርን አይሸፍንም። ጀልባ ተንሳፍፎ የሚገባበትን ቤትም አይሸፍንም። ግንቡን ሲጠግኑ ደግሞ ዝም ብሎ ድንጋይ መጣል አይቻልም፣ ከግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትና ከሠራዊቱ የምሕንድስና ክፍል ፈቃድ ያስፈልጋል። የኒውዮርክ ግዛት በ2019 ሬዲ የሚባል እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር የተመደበለት ፕሮግራም አቋቁሞ ነበር፤ የግዛት ብር ግን አደጋው ከደረሰ በኋላ፣ ፖለቲካው ከፈቀደ የሚመጣ ነው። እንደ ፖሊሲ ይዞ የሚከራከሩበት መብት አይደለም።

ከ10 እስከ 12 ያለው ከርዕሱ ወጣ። ምላሽ 10 ጥፋቱን በሙሉ ፕላን 2014 በሚባለው፣ ከሐይቁ በግድብ የሚለቀቀውን ውሃ በሚወስነው ደንብ ላይ ጣለ። ደንቡ ሥራ የጀመረው በጃንዋሪ 2017 ነው፣ ውሃው የሞላው በዛው ዓመት ጸደይ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ ባይ ነው። ምላሽ 11 በቁጣ መለሰ። ያን ጸደይ የዘነበው ዝናብ ከባድ ነበር፣ ከላይ ከኢሪ ሐይቅ የሚወርደው ውሃም ብዙ ነበር፣ ሞንትሪያል አጠገብ የሚቀላቀለው የኦታዋ ወንዝም ስለሞላ፣ ከሐይቁ የሚወጣውን ውሃ የሚቆጣጠረው የሞዜስ ሳውንደርስ ግድብ አብዝቶ ቢለቅ ከታች ሞንትሪያል ትሰጥም ነበር። እኛን ለማዳን እነሱን እናስጥም ነው የምትለው ብሎ ጠየቀው። ምላሽ 12 ላይ ኒውዮርክ በ2019 ደንቡን የሚያስተዳድረውን የሁለቱን አገሮች ኮሚሽን እንደከሰሰች ተጠቀሰ፣ ክርክሩ እንደገና ተቀጣጠለ። እኔ እዚህ ላይ አስቆምኳቸው። ጉዳት ገማቹ ግድቡን ማን እንደከፈተ አይጠይቅም።

ምላሽ 13 ከቶሮንቶ ነው፣ እዛ ያላችሁ ወገኖቻችን ልብ ብላችሁ አንብቡት። በ2017 የቶሮንቶ ደሴቶች ለጎብኚ ተዘግተው እስከ ጁላይ መጨረሻ ቆይተዋል። ጸሐፊዋ የምትለው፣ ከላይ የተባለው የ30 ቀንና የ250,000 ነገር የአሜሪካ ነው፤ ካናዳ እንዲህ ያለ የመንግሥት ፕሮግራም የላትም። እዛ የግል ኩባንያዎች ለመኖሪያ ቤት በመሬት ላይ ለሚመጣ ጎርፍ ሽፋን መሸጥ የጀመሩት ከ2013ቱ የአልበርታ ጎርፍ በኋላ፣ በ2015 ነው። ኩባንያው እንደ ቤቱ ቦታ ዋጋ ያወጣል፣ ስጋቱ ከፍ ካለበት ላይሸጥም ይችላል። ሐይቅ ዳር ያለ ሰው ወረቀቱ ላይ የሐይቅ ውሃና ማዕበል ተለይቶ ወጥቶ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። የፍሳሽ መመለስ ሽፋኑም ለብቻው ነው።

ምላሽ 14 ከሚሺጋን መጣ። እዛ ሚሺጋንና ሂዩረን ሐይቆች በ2020 ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት በየወሩ የወሩን ሪከርድ ሰብረዋል። የእነሱ ችግር በር የሚያንኳኳ ውሃ አይደለም፣ ከስር የሚበላው ገደል ነው። ጓደኛው ቤቱ ከገደሉ ጫፍ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ወደኋላ ማዛወር ፈለገ። ቤቱ ገና ስላልተጎዳ ኢንሹራንሱ አንድ ሳንቲም የለም አለው። ከ1987 ጀምሮ ሊወድቅ የደረሰን ቤት ለማዛወር ወይም ለማፍረስ የሚከፍል የሕግ ማሻሻያ ነበር፤ በ1994 ተሰረዘ። እኔ ይሄን አላውቅም ነበር፣ ሳነበው ተናደድኩ። ከመውደቁ በፊት ማዛወር የሚረክስ ይመስለኛል።

ከዚህ በኋላ ጀልባ ነው። ምላሽ 15 ሶደስ ቤይ ላይ ዓሣ የሚያጠምድ ጋሼ ነው፣ ረጅም ጽፏል፣ አንዱም ቃል አይጣልም። የጎርፍ ፖሊሲው ጀልባን ጭራሽ አይሸፍንም። መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ለጀልባ፣ ለሞተሩና ለተጎታቹ ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ 1,500 ዶላር ነው የሚሰጠው። ከዛ በላይ ዋጋ ያለው ጀልባ የራሱን ፖሊሲ ይፈልጋል። ስትገዙ በስምምነት የተቆረጠ ዋጋ ነው ወይስ ከእርጅና ተቀንሶ የሚሰላ ብላችሁ ጠይቁ ይላል፤ የመጀመሪያው ትንሽ ይወደዳል፣ ጀልባው ሲጠፋ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጀልባው ከሰጠመ ማውጣት ግዴታ ሊሆን ይችላል፣ የማውጫው ወጪ ከጀልባው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ ፖሊሲው ይሄን ለብቻው ይክፈል ወይስ ከጀልባው ዋጋ ይቀንስ? የፈሰሰውን ነዳጅ ማጽዳትስ? በሞላ ውሃ ጊዜ ግንድ፣ የተገነጠለ ዶክ፣ ውሃ ስር የተደበቀ ግንብ ፕሮፔለር ይሰብራል። በክረምት ጀልባው ከውሃ ይወጣል የሚል ቀን ፖሊሲው ላይ ካለ፣ ከቀኑ በኋላ ውሃ ላይ የተገኘ ጀልባ ላይከፈልበት ይችላል።

ምላሽ 16 ስለ ገመድ ጨመረ። በማይንቀሳቀስ ዶክ ላይ አጥብቀው ያሰሩት ጀልባ ውሃው ሲነሳ ገመዱ ወደ ታች ይይዘዋል፣ አንድ ወገኑ ይሰጥማል። ጣሪያ ባለው የጀልባ ቤት ውስጥ ደግሞ ጀልባው ከጣሪያው ጋር ይጣበቃል። ኩባንያው ባለቤቱ ተገቢውን ጥንቃቄ አላደረገም ብሎ መከራከር ይችላል። መብራቱን አጥፉ የሚለው ምክሩ ግን ከብር በላይ ነው። ዶክ ላይ ያለ የመብራት መስመር በውሃ ከተዋጠ በጨው አልባ ውሃ ውስጥ የሚዋኝ ሰው ኤሌክትሪክ ይዞት ይሰጥማል። ውሃው ዶኩን ሳይደርስ ዋናውን ብሬከር ዝጉ። ልጆች ካላችሁ ደግማችሁ አንብቡት።

ምላሽ 17 እና 18 ተጣሉ። አንዷ ባለቤት የጀልባ ሞገድ በሯ ድረስ እየመጣ የአሸዋ ጆንያዋን እንደናደ ጻፈች። አንዱ ጀልበኛ ሐይቁ የሁሉም ነው፣ ቤት ውሃ ላይ ማን ሥሩ አላችሁ አለ። እንዲህ አይባልም። በ2017 የኒውዮርክ ግዛት ከዳሩ 600 ጫማ ውስጥ ፍጥነት በሰዓት ከ5 ማይል እንዳይበልጥ ያዘዘው ለዚህ ነው። የማንም ጀልባ ሞገድ ላደረሰው ጉዳት ነጂው ሊጠየቅ ይችላል። ጀልበኛውን ራሱን የሚያድነው የጀልባ ፖሊሲው የተጠያቂነት ክፍል ነው፣ እሱ ከሌለው ከኪሱ ነው። ጭቅጭቁ ካለቀ በኋላ ሰውየው ይቅርታ ጠይቋል፣ ጥሩ ነው።

ምላሽ 19 ወደ አገር ቤት ወሰደን። መተሐራ ያደገ ልጅ በሰቃ ሐይቅን አስታወሰ። በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ሐይቅ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል፣ ውሃው ጨዋማ ነው፣ የግጦሽ መሬት በልቷል፣ የጅቡቲ መንገድና የባቡር ሐዲድ ላይ ደርሷል። እዛ መሬቱ ለተበላበት አርብቶ አደር ፖሊሲ የሚባል ነገር አልነበረም ይላል። ብዙ ሰው ልብ ሰጥቶታል። ከርዕሱ ቢወጣም አልቆረጥኩትም።

ምላሽ 20 ወደ ሥራው መለሰን። ውሃ ሊመጣ መሆኑ ሲታወቅ ለአሸዋ ጆንያ፣ ለፓምፕና ለመሳሰለው የጎርፍ ፖሊሲው እስከ 1,000 ዶላር፣ ዕቃ ለማሸሽም ሌላ 1,000 ዶላር ሊመልስ ይችላል፤ ደረሰኝ ይቀመጥ። ከገባ በኋላ ሳትጥሉ ፎቶ አንሱ። ከምንጣፉም ቁራጭ አስቀሩ። የጉዳት ማረጋገጫ ቅጹ ተፈርሞ በ60 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ሆቴል ላይ ያረፋችሁበትን ፖሊሲው አይከፍልም። ፌማ (የአሜሪካ ፌዴራል የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) ይረዳናል ለሚሉ ደግሞ፣ የሱ ዕርዳታ የፕሬዚዳንት አዋጅ ይፈልጋል፣ ከመንግሥት የሚመጣው ብዙውን ጊዜም የሚመለስ ብድር ነው።

ምላሽ 21 ስለ ዋጋ ጠየቀ። ምላሽ 22፣ ያ የምላሽ 5 ሰው፣ ተመልሶ መጣ። ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ ዋጋው የሚሰላው በካርታ መስመር ብቻ ሳይሆን ቤቱ ከውሃው ባለው ርቀት፣ በከፍታውና መልሶ ለመሥራት በሚያስወጣው ገንዘብ ነው። የድሮ ፖሊሲ ያለው ሰው ዋጋው በአንዴ አይዘልበትም፣ ለዋና መኖሪያ በዓመት እስከ 18 በመቶ፣ ለበጋ ቤት እስከ 25 በመቶ ነው የሚጨምረው። የበጋ ቤት ያላቸው ሌላም ነገር ይወቁ፦ አብዛኛውን ዓመት የማይኖሩበት ቤት ሲጎዳ የሚከፈለው እርጅናው ተቀንሶ ነው። ሐይቅ ዳር ቤት የሚገዛ ሰው ደግሞ ሻጩ የጎርፍ ፖሊሲ እንዳለው ይጠይቅ። ካለው ፖሊሲው ወደ ገዢው ሊዛወር ይችላል፣ የሻጩ የተቀነሰ ዋጋም አብሮ ይሄዳል። ፖሊሲው ተቋርጦ እንደ አዲስ ከተገዛ ግን ቅናሹ ይጠፋል። ስለዚህ ይሄን ጥያቄ የምትጠይቁት ከመፈራረማችሁ በፊት ነው።